ሰኞ ሰኞ ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነው፤ የሁለተኛ ክፍል ሳምንት እንዴት ይታቀዳል?

የሁለተኛ ክፍሉ

ሰላም ናችሁ? ዘንድሮ ነው ማስተማር የጀመርኩት። የተመደብኩት ቃሉ ወረዳ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትሄዱ ደጋንን አለፍ ብላችሁ፣ ከአስፋልቱ ወርዳችሁ አርባ ደቂቃ ያህል በእግር። የትምህርት ቤቱን ስም ልተወው። አገሩ ጠባብ ነው፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

የያዝኩት ሁለተኛ ክፍል ነው። ሴልፍ ኮንቴይንድ ስለሆነ ከአማርኛ እስከ ስፖርት እኔው ነኝ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 30። ስም መጥሪያው ላይ 64 ልጆች አሉ። ዴስኩ የሚበቃው ለአርባ ምናምን ነው፤ የቀሩት ግድግዳው ሥር በተደረደረ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እሱን ለምጄዋለሁ። አልለምድ ያለኝ ሰኞ ነው።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ለማታውቁት፣ የአፋሩ ግመልና የደጋው አህያ አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ገበያ ነው። እዚህ አካባቢ ሰኞ ቤቱ የሚውል ሰው የታመመ ብቻ ነው። ልጁ ወይ ፍየል ይነዳል፣ ወይ እናቱ እስክትመለስ ቤት ይጠብቃል፣ ወይ ታናሹን አዝሎ ይውላል። ያለፉትን አራት ሰኞዎች ቆጠርኩ፦ 29፣ 33፣ 27፣ 31። ማክሰኞ 58 ሆነው ይመጣሉ።

እኔ ደግሞ ኮሌጅ እንደተማርኩት ሰኞ ነው አዲስ ነገር የምጀምረው። አዲሱ ፊደል ሰኞ፣ አዲሱ የሒሳብ ርዕስ ሰኞ። ማክሰኞ ያንኑ እደግማለሁ። ሰኞ የነበሩት ይሰለቻሉ፣ ያልነበሩት ይደናገራሉ። ረቡዕ ላይ ሁለቱም ተባብረው ይረብሹኛል። አርብ ፈተና እሰጣለሁ፤ ውጤቱን አልነግራችሁም። ለርዕሰ መምህሩ ባማክራቸው «ዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ያለውን ሸፍን» አሉኝ። መሸፈኑንማ እየሸፈንኩ ነው። የማይገባው ለልጆቹ ነው።

ሌላም አለ። ልጆቹ ፊደል ያውቃሉ ብዬ ነበር። ዜማውን ካስጀመርካቸው ጣሪያው ይነሣል፤ ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፉ ይወርዱታል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ልጅ ሰሌዳ አጠገብ ጠርቼ «ሞ»ን አሳየሁት። ዝም አለ። ዓይኑ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ገበታ ሄደ። የመን ረድፍ አገኘና ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሱሪው ላይ ጣቱን እያጠፈ፣ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ... ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ሞ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ አጨበጨበለት። ገበታውን አዙሬ «ቶ»ን ብጠይቀው ግን ጠፋው። ለካ ልጁ የሚያውቀው ዜማውን ነው። ከዚያ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ሞከርኩ። ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው።

ስለዚህ ለቆያችሁት የምጠይቀው ይሄን ነው። ሳምንቱን ምን ላይ ምን አድርጌ ላስቀምጠው? 64 ደብተር በሳምንት እንዴት ይታረማል? አሁን በሞባይል መብራት እስከ አራት ሰዓት እያረምኩ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ደግሞ ክፍሉን ዝም የሚያሰኘው አለቃው ነው፤ የሚረብሹትን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ አርጩሜም ይዟል። እኔ አልሰጠሁትም፤ ስመጣ ይዞ ነው ያገኘሁት።

ጡረተኛዋ ከደሴ

አብሽር ልጄ። ሰኞን ቆጥረህ መምጣትህ ብቻ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ደላንታ ጀምሬ፣ ኩታበር ሠርቼ፣ ሐይቅ ዙሪያ ነው የጨረስኩት። 33 ዓመት። አሁን ደሴ ቁጭ ብዬ የጦሳን ተራራ እያየሁ ቡና አፈላለሁ። እጄ ግን እስካሁን ጠመኔ ጠመኔ ይለዋል።

ሦስቱም ቦታ የየራሱ ገበያ ነበረው፤ በሦስቱም ቦታ አንድ ቀን ክፍሌ ይራቆት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እናደድ ነበር። የቀሩትን በማግስቱ ቆመው እንዲውሉ አድርጌያለሁ፤ አልዋሽህም። ምንም አላመጣም። ልጁ የቀረው አባቱ ፍየል ንዳ ስላለው ነው፤ እኔ ደግሞ ያቆምኩት ልጁን ነው። አባትየውማ ገበያው ላይ ሻዩን እየጠጣ ነው።

በኋላ ነው የገባኝ። ያንተ ሳምንት የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። አዲሱን ነገር ሁሉ ወደ ማክሰኞ አሻግረው። ሰኞ አዲስ ፊደል የለም፣ አዲስ የሒሳብ ርዕስም የለም።

ታዲያ ሰኞ ምን ይሠራል? ሰኞ የመጡት 30 ልጆች ሲሳይ ናቸው። ሌላ ቀን 64 ሆነው አንዱንም ለብቻው አትሰማውም። ሰኞ ግን ትሰማዋለህ። እኔ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አስጠግቼ አንድ በርጩማ አጠገቤ አስቀምጥ ነበር። ልጁ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አንድ መስመር ያነባል። ሁለት ደቂቃ። 30 ልጅ በሁለት ደቂቃ 60 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃሃል፣ ለማስነጠስም ይተርፍሃል። ሌሎቹ በዚያ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለፈውን ሳምንት ገጽ ለጓደኛቸው ያነባሉ። ይንጫጫሉ። ይንጫጩ። የሚያነብ ልጅ ድምፅ ረብሻ አይደለም።

አንድ ደብተር ያዝ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ሲያነብልህ ያየኸውን በአንድ መስመር ጻፍ፦ «ሞንና ሦን ያምታታል»፣ «ቃሉን ሳይጨርስ ይገምታል»፣ «ድምፁ አይሰማም፣ ግን ያነባል»። የመጨረሻው ዓይነት ብዙ ነው፤ በተለይ ሴቶቹ። ዓመቱን ሙሉ አታውቅም ብዬ የደመደምኩባት ልጅ ነበረች። በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ገጹን በሹክሹክታ ለበለበችው። አፈርኩ።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ያ ልጅ ሰነፍ እንዳይመስልህ። የእኛ አገር ልጅ ዜማ ያውቅበታል። ቁርአን ቤት የሚሄደውም፣ ቄስ ትምህርት ቤት የሚሄደውም በጆሮው ነው የሚጀምረው። ያ ሀብቱ ነው፤ አትንቀለው። ግን 33ቱን ረድፍ በሰባት ስታባዛው 231 ነው። ሁሉንም እንደ ዘፈን ከያዘው፣ መሐል ላይ ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ካልጀመረ አይመጣለትም። አንተም የምትወደው ዘፈን ሦስተኛው ስንኝ ምን ይላል ብትባል እንደዚያው ነህ።

ሰልፉን አፍርሰው። የሳሙና ካርቶን ሰብስብ፤ ከሱቅ በነጻ ይሰጡሃል። ቆራርጠህ በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍ። ጣሳ ውስጥ ክተተው። ልጁ እጁን ሰዶ ያወጣል፣ ይጠራል። ካወቀው ካርዱ የሱ ነው እስከ ደወል ድረስ። ካላወቀው ይመልሰዋል። ለዚች ካርቶን ሲሉ ምን ያህል እንደሚሻሙ ታያለህ።

ቅርጹንም አሳያቸው። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው፦ ሙ፣ ቱ፣ ቡ። ሣልስ ሰረዙ እግሩ ላይ ይወርዳል፦ ሚ፣ ቲ፣ ቢ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፦ ሜ፣ ቴ፣ ቤ። ልጅ ይሄን ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ እንደ ምሥጢር ነው የሚይዘው። «ሩ»ን የመሳሰሉ እንቢተኞች አሉ። ሳድስ ደግሞ ሕግ አያውቅም፤ እሱን በዓይን መልመድ ነው። ሳድስ ላይ ብዙ ቀን ስጥ። ሳብዕም ያስቸግራል፤ ያንተው «ሞ» ምስክር ነው።

እንግዲህ ማክሰኞና ረቡዕ አዲሱን አስተምር። ሐሙስ ልምምድና አጭር ጥያቄ። አምስት ጥያቄ ይበቃል። አርብ ፈተና ተው፤ አርብ የፈተና ቀን አይደለም። በእናንተ በኩል ልጆቹ ታጥበው፣ ጀለቢያቸውን ለብሰው ነው የሚመጡት፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ልባቸው ጁምዓ ላይ ነው። አርብ ተረት፣ ሥዕል፣ መዝሙር፣ ክፍል ማጽዳት፣ የሥራ ድርሻ መቀያየር። በዚያ ላይ የሐሙሱን ጥያቄ ያልቻሉትን ጠርተህ አርብ ጠዋት ታያቸዋለህ። አርብ ተፈትኖ ሰኞ ገበያ የሚሄድ ልጅ ስህተቱን መቼም አያየውም።

የቀኑ መጀመሪያ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። በእኛ ጊዜ የእንግሊዝኛ የሬዲዮ ትምህርት ነበር። ሬዲዮኑ አስተማሪን አይጠብቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጀምራል። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ያ ሬዲዮን ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ልጆች ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቁ ራሳቸው ተዘጋጅተው እንደሚጠብቁ ነው። ስለዚህ ከሰልፍ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ አንድ ልጅ ቀኑን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ «ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር...»። ሌሎቹ ይገልብጡ። አንተ በዚያ መሐል ስም ትጠራለህ። አምስት ደቂቃ ከሌባ አዳንክ ማለት ነው።

ደብተሩን ከገበያው ጋር አስታርቀው። 64ን ለአምስት ቀን አታካፍል፤ ሰኞ የለም ብለናል። ለአራት አካፍለው፤ 16 ይደርስሃል። ክፍሉን በአራት ሰልፍ አስቀምጠህ ማክሰኞ የመስኮቱን ሰልፍ፣ ረቡዕ ቀጣዩን እያልክ 16 ደብተር ብቻ ውሰድ። ልጁም ቀኑን ያውቃል፤ በዚያ ቀን ጽሑፉ እንዴት እንደሚያምር ታያለህ። የቀረውን ሥራ ክፍል ውስጥ እየዞርክ እየው፣ ወይ ጥንዶቹ ይተራረሙ። እስከ አራት ሰዓት አታምሽ። ገና 30 ዓመት ይቀርሃል።

አለቃውን ደግሞ አርጩሜውን ተቀበለው። በደህና ቃል። የረባሾች ስም ዝርዝር ጥቅም የለውም፤ የሚጻፉት ሁሌም ያው አምስት ልጆች ናቸው፣ ከአለቃው ጋር ኳስ የተጣሉ ናቸው። ሥራውን በታትነው፦ ሰሌዳ ጠራጊ፣ ውሃ ቀጂ፣ ደብተር ሰብሳቢ፣ ቀን ጸሐፊ፣ የጣሳው ጠባቂ። በየአርቡ ይቀያየር። በጣም የሚረብሸውን ልጅ የጣሳው ጠባቂ አድርገው። ስለሱ ሌላ ጊዜ ታወራኛለህ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቡናዬም ቀዝቅዟል። በቆላው ማሽላ ሲያፈራ ወፍ ጥበቃ አለ። ያን ጊዜ ከገበያም የባሰ ነው፤ ልጁ ሳምንት ሙሉ ማማ ላይ ይውላል። ሐይቅ በኩል ሳለሁ አንድ እንዲህ የጠፋ ልጅ ነበረኝ። ከመቅረቱ በፊት የጠመኔ ስባሪ ሰጥቼው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እማሳው ድረስ ሄድኩ። ማማው ላይ የወንጭፍ ድንጋይ ደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ፊደል ጽፎበታል። «ዛሬ ስንት ወፍ መታህ?» ብለው «መን፣ ሙንና ሚን ወርውሬያለሁ፣ ማ ቀርቶኛል» አለኝ። አንድም ወፍ አልመታም።

ከቆቦ በኩል

እትዬ፣ እንዲህ ያለ ደብተር የሚያሳምር ምክር ከሰማሁ ቆየሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም።

እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ እኛም ጋ ገበያ አለ። ገበያን እንደ በዓል ካከበርክላቸው ወላጅ ይለምደዋል። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ነገ ደግሞ ማክሰኞ ከገበያ የመጣው ድካም ነው። እኛ ጋ ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ) ተሰብስቦ ተነጋገረና የቀረ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ እንዲገባ ተደረገ። መምህሩ ቅዳሜውን አጣ፤ ያለ ምንም ክፍያ። ግን ወላጅ «ለካ ቀልድ አይደለም» አለ። ውጤት አይተንበታል።

ስለ ንባቡ ግን እውነታችሁን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገር ደረጃ የንባብ ምዘና ሲደረግ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጽሐፎቹ የተቀየሩት። መጽሐፉ ተቀየረ እንጂ ልጁን ለብቻው የሚሰማው ሰው ከየት ይመጣል? አራተኛ ክፍል ደርሰውልኝ ቃል የሚቆጥሩ አሉ። እናንተ ሁለተኛ ክፍል ላይ ካልያዛችኋቸው እኔ ጋ ሲደርሱ ያፍራሉ፤ ካፈረ ልጅ ጋር ደግሞ ሥራ የለም።

ለወንድሜ አንድ የወረቀት ዘዴ ልስጥህ። ርዕሰ መምህሩ የሚፈርሙት ወረቀቱን አይተው ነው። በሳምንታዊ ዕቅድህ ላይ ሰኞን ባዶ አትተው። ይዘት በሚለው ሥር «ያለፈው ሳምንት ክለሳ»፣ የተማሪው ተግባር በሚለው «ጮክ ብሎ ማንበብ»፣ ምዘና በሚለው «የቃል ምዘና በግል» ብለህ ጻፍ። ተከታታይ ምዘና የት አለ ብሎ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ያቺን ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ያላትን ደብተር አውጣለት። አፉን ይይዛል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የምዘና መዝገብ ከየት ላምጣ እያልኩ በአርብ ማታ ስፈበርክ ኖሬ ነው ይህን የምነግርህ። ዴስኩን አታንሣው፤ እኛም ጋ በ2014 የተሰባበረው ገና አልተተካም።

ጡረተኛዋ ከደሴ

ወንድሜ፣ ቅዳሜውን ደላንታ ሳለሁ ሞክሬዋለሁ። የመጣው ያልቀረው ልጅ ነው። የቀረው ቅዳሜም ቀረ። እናንተ ጋ ከሠራ እሰየው፤ ወተመሁ ጠንካራ ስለሆነ ይሆናል። እኔ በወተመህ ስብሰባ የማስታውሰው የአጥር ክርክር ነው።

የባቲ ነጋዴ

ሰላም ለናንተ ይሁን መምህራን። እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ አንብቦልኝ፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ነው የሚጽፍልኝ። ሰኞ ሰኞ ባቲ በርበሬና ሎሚ እሸጣለሁ። ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ፤ ሰኞ እኔ ጋ ናት። እውነቱን ልናገር።

ለምን እወስዳታለሁ? አንደኛ፣ ሰው ሲበዛ መልስ የምትሰጥልኝ እሷ ናት። ሦስት ሎሚ በአሥር ብር ስንል ሰውየው ሰባት ሎሚ አንሥቶ ሃምሳ ብር ሲሰጠኝ እኔ ግራ ይገባኛል። እሷ «ሁለት ጨምር፣ ሠላሳ ይሆናል፣ ሃያ መልስ» ትለዋለች። ሁለት ሎሚ አስጨመረችው ማለት ነው። ወላሂ ከኔ ትበልጣለች። ሁለተኛ፣ «ሰኞ ምን ትማራላችሁ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ክለሳ ነው» አለችኝ። ክለሳ ምንድን ነው ብላት «የተማርነውን ነው» አለችኝ። እንግዲህ የተማረችውን ከሆነ ምን ትሠራለች ብዬ ወሰድኳት። ይፍረድብኝ።

እትዬ ያሉት ጥሩ ነው። ግን ክለሳ ካላችሁት እኛ እናቶች ልጁን አናመጣውም። ሌላ ስም አውጡለት። ደግሞ ማንም መጥቶ «ሰኞ ልጅሽ ይሄ ይቀርባታል» ብሎኝ አያውቅም። ስብሰባ የምትጠሩን መዋጮ ሲኖር ነው። መምህሩ ገበያው መሐል ቢመጣ እኮ ሁላችንንም ያገኘናል፤ ቤት ለቤት መዞር ምን ያደርግለታል?

ጡረተኛዋ ከደሴ

እንዲህ ነው እንጂ! እህቴ፣ 33 ዓመት አስተምሬ ይህን አላሰብኩትም። «ክለሳ» የወረቀቱ ስም ይሁን፤ ለርዕሰ መምህሩ። ለልጆቹ ሌላ በለው ልጄ። እኔ ብሆን «የበርጩማ ቀን» እለዋለሁ። በርጩማው ላይ መቀመጥን የሚናፍቁት ነገር አድርገው። ስማቸው በዚያ ደብተር የሚጻፍላቸው ሰኞ ብቻ እንደሆነ ይወቁ። ማክሰኞ የሒሳቡን ክፍለ ጊዜ ደግሞ በገበያ ጀምረው፤ የሄዱት ምን ሸጣችሁ፣ በስንት፣ መልሱ ስንት ሆነ ይባሉ። የቀሩትን ከምታሳፍራቸው ያመጡትን ተቀበላቸው። የሎሚዋ ልጅ እኮ ሰሌዳ ላይ ብትወጣ መምህር ናት።

የሁለተኛ ክፍሉ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ይቅርታ፣ እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ነው።

እትዬ፣ አለቃው አርጩሜውን ሲያስረክበኝ አለቀሰ። አሁን ቀን ጸሐፊ ነው፤ ጽሑፉ ቆንጆ ነው፣ ማንም አላስተዋለውም ነበር። የጣሳ ጠባቂው በጣም የሚረብሸኝ ልጅ ነው። ካርዶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው የሚያስረክበኝ፤ አንዲት «ጬ» ጠፍታ ሙሉ ክፍሉን በረበረ። ጣሳውን አቅፎት ነው የሚቀመጠው። ዝምም አላለም ታዲያ፤ አሁን የሚጮኸው ስለ ካርዱ ነው።

16 ደብተር ማረም ሕይወቴን መልሶልኛል። በሁለት ሰዓት እራቴን በልቼ እተኛለሁ።

የሐሙሱ ጥያቄ ሠራ። አርብ ተረት ላይ ግን ተሸነፍኩ፤ የእኔ ተረት አልቆብኝ አሁን እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ። ግማሹ ስለ ጅብ ነው።

ባቲም ሄድኩ። ሰኞን መተው ስለማልችል ክፍሉን ለጓደኛዬ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስይዤ ተጫንኩ። ርዕሰ መምህሩ አልወደዱትም፤ ግን አልከለከሉኝም። ፍየል ተራው ላይ አራት የክፍሌን ልጆች አገኘሁ። ሲያዩኝ ከፍየሎቹ መሐል ተደበቁ። አባቶቹን አንድ በአንድ ሰላም አልኩ። ብዙ አላወራሁም፤ «ሰኞ እንዲህ የምትባል በርጩማ አለችን፣ ልጅህን ለብቻው የማዳምጥበት ቀን እሱ ብቻ ነው» አልኳቸው። አንዱ «ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዱን ይዤ አንዱን ልላክልህ፣ በተራ» አለኝ። በቃ እንደሱ ተስማማን። አሁን ብዙ ቤት በተራ ነው የሚልከው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰኞዎች 38፣ 36፣ 41 ናቸው። ቅዳሜውን አልሞከርኩትም፤ ከቆቦ በኩል ያለኸው ወንድሜ አትቀየመኝ። የዕቅዱን ዘዴህን ግን ተጠቅሜበታለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ደብተሯን አሥር ደቂቃ ያህል አገላብጦ «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

የ«ሞ»ው ልጅስ? እሱ በተራ የሚልኩት ቤት አይደለም፤ አንድ ልጅ ነው፣ ፍየሉም የሱ ነው። ሰኞ አሁንም የለም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ገና ሰልፍ ላይ ሳለን እጁን ጨብጦ መጣ። «ቲቸር፣ አገኘሁት» አለኝ። ምኑን ስለው እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ «ሞ» ተጽፏል፤ በላብ ግማሹ ደብዝዟል። ባቲ አንድ ሱቅ በር ላይ ተጽፎ አይቶት፣ ከሻጩ እስክሪብቶ ለምኖ መገልበጡ ነው። ሱቁ ሞባይል ጥገና ነው። ገበታ የለም፣ ረድፍ የለም፣ ጣት አላጠፈም፤ ዝም ብሎ አወቀው።

«ቀጥሎ ያለችውስ?» አልኩት። ሰሌዳው ላይ ሄጄ «ሞባይል» ብዬ ጻፍኩና «ባ» ላይ ጠመኔዬን አሳረፍኩ።

ትክ ብሎ አያት። ወደ ገበታው ግን አልዞረም።

«እሷን በሚቀጥለው ሰኞ አያታለሁ» አለኝ።